በመዋጮ የተሠራ ጌም ክፍል ሁለት ሲወጣ የደጋፊዎችን አስተያየት እንዴት እናንብብ?

እኔ የማውቃቸው የደሴ ጌም ቤቶች ውስጥ ወረፋ የሚያዘው ለኳስ ጨዋታ ነው። ገጸ ባሕርይ ፈጥረን፣ ረጅም ታሪክ ተከትለን፣ እያንዳንዱን ውጊያ እያሰላሰልን የምንጫወት የአር.ፒ.ጂ. ወዳጆች ጥቂት ነን፤ ያለነውም ደሴ፣ ኮምቦልቻ፣ ሐይቅና ወልዲያ ተበታትነን ነው። ስለዚህ የምንወደው ጌም ተከታይ ክፍል ሊሠራለት መዋጮ እየተሰበሰበ ነው ሲባል፣ ወይም ተሠርቶ ሲወጣ፣ ገንዘባችንን ከማውጣታችን በፊት ያለን መመርመሪያ ሌሎች ደጋፊዎች የጻፉት አስተያየት ብቻ ነው። ያን አስተያየት ሳይለዩ የሚያነቡ ጓደኞቼ በደስታው ጊዜ ተወስደው ሲከፍሉ፣ በቁጣው ጊዜ ደግሞ ጥሩ ጌም ሲያመልጣቸው ስላየሁ፣ እኔ ራሴ የማነብበትን መንገድ እዚህ ጽፌዋለሁ።

አስቀድሞ መዋጮው ምን እንደሆነ መረዳት ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ2015 ነሐሴ መጨረሻ ላይ (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታትና ወራት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)፣ ላሪያን የተባለው የቤልጅየም ኩባንያ ለ«ዲቪኒቲ፦ ኦሪጅናል ሲን» ክፍል ሁለት በኪክስታርተር፣ ማለትም ገና ላልተሠራ ሥራ ከሕዝብ መዋጮ በሚሰበሰብበት ድረ ገጽ፣ ገንዘብ መሰብሰብ ሲጀምር፣ እኛም አራት ሆነን ብር አዋጥተን ጅዳ ያለው የአንዳችን ወንድም በካርዱ እንዲከፍልልን አደረግን። ዝናቡ አላቆም ብሎ ሁላችንም እኛ ቤት ተሰብስበን ነበር። እናቴ ቶናውን እየቀዳች ወሬያችንን ስትሰማ ቆይታ፣ «ያልተሠራ ነገር ነው ወይ የከፈላችሁበት?» አለችን። አዎ፣ ገና ሊሠራ ነው አልኋት። «ታዲያ ቅሬ በሉታ! እሱም የሚዋጣው ሟቹ ሳይሞት ነው።»

ንጽጽሯ ከብዙ የጌም ጋዜጠኞች ማብራሪያ የተሻለ ነው፤ ሆኖም ግማሽ መንገድ ብቻ ያስኬዳል። በቅሬ፣ ሌላው አገር እድር በሚለው፣ ያዋጣ ሰው አባል ነው፤ መሪውን ዳኛ ይጠይቃል፣ ሒሳቡን ያያል፣ ካልተስማማ በስብሰባ ላይ ይናገራል። በኪክስታርተር ያዋጣ ሰው ግን የኩባንያው ባለድርሻ አይደለም፤ ዕቃ እንደገዛ ደንበኛም አይቆጠርም። የታለመው ገንዘብ ካልሞላ ከማንም ካርድ ላይ አይቆረጥም፤ ከሞላ ግን ገንዘቡ ለሠሪው ይሄዳል፣ ጌሙ ይደርሳል ተብሎ የተጻፈው ወርም ግምት እንጂ ውል አይደለም። አዋጪው እንደ ቅሬ አባል የመናገር መብት እንዳለው ይሰማዋል፤ መብቱ ግን በወረቀት ላይ የለም። በነዚህ ጌሞች ላይ የምናነበው ቁጣ ከሌላው ጌም ቁጣ የሚለየው በዚህ ምክንያት ይመስለኛል።

እንግዲህ አንድ አስተያየት ሲያነቡ መጀመሪያ የሚጠይቁት ተናጋሪው ማን ነው የሚለውን ነው። በአማርኛችን ጌሙን የሚወደውንም ገንዘብ ያዋጣውንም «ደጋፊ» ስለምንል ሁለቱ ይምታቱብናል። ያዋጣውን «አዋጪ» ብንለው ይሻላል፤ ምንም እንኳ ይህ ቃል «አዋጭ» ተብሎ ሲጻፍ ትርፍ የሚያስገኝ ማለት ቢሆንም፣ ሁለቱ ትርጉሞች አንድ ሰው ላይ የሚገናኙት አልፎ አልፎ ነው። አዋጪው ቀድሞ ልቡን ሰጥቷል። «ዌስትላንድ» የተባለው ጌም በ1988 ወጥቶ ክፍል ሁለት ሳይሠራለት 24 ዓመት ካለፈ በኋላ፣ በ2012 ኢንኤግዛይል የተባለው ኩባንያ 900,000 ዶላር ሲጠይቅ 61,290 ሰዎች ከ2.9 ሚሊዮን ዶላር በላይ አዋጡ። በዚያን ጊዜ ክፍል ሁለት ገና ስላልተሠራ፣ የተጻፈው ደስታ ሁሉ የልጅነት ትዝታ ነበር። «ፒላርስ ኦቭ ኢተርኒቲ» ክፍል ሁለትም በ2017 ፊግ በተባለው መድረክ የጠየቀውን 1.1 ሚሊዮን ዶላር በአንድ ቀን ውስጥ ሞልቶ ከ4 ሚሊዮን በላይ አገኘ፤ በ2018 ለገበያ ሲቀርብ ግን ሽያጩ የተጠበቀውን ያህል አልሆነም። ስለዚህ በመዋጮው ሳምንት የሚጻፈው አስተያየት የፊተኛው ጌም ምን ያህል ተወዶ እንደነበር ያስረዳል፤ ስለ አዲሱ ግን አንዳች ነገር አይነግርዎትም።

ቀጥሎ የሚታየው ቀኑ ነው። ስለ መዘግየት የተጻፈ ምሬት ካገኙ ይለፉት፤ «ዌስትላንድ 2» በጥቅምት 2013 ይደርሳል ተብሎ በመስከረም 2014 ነው የወጣው፣ ከወጣ በኋላ ግን ያ አንድ ዓመት ለተጫዋቹ ምንም አልጎደለበትም። መዘግየትን በመዋጮ የሚሠራ ጌም ጠባይ አድርጎ መቁጠር ይሻላል።

ቃል ስለ መታጠፉ የሚጻፈው ቅሬታ ግን ሌላ ነው፤ በእርጋታ ይነበብ። በ1999 የወጣው «ፕላንስኬፕ፦ ቶርመንት» የመንፈስ ወራሽ (ታሪኩን ሳይቀጥል ጠባዩን የሚወርስ ጌም) ይሆናል የተባለው «ቶርመንት፦ ታይድስ ኦቭ ኑሜኔራ» በ2013 ከ4.1 ሚሊዮን ዶላር በላይ ሰብስቦ ነበር። በ2017 ሊወጣ ጥቂት ሲቀረው፣ ተስፋ ከተሰጠባቸው ነገሮች መካከል የጣሊያንኛው ትርጉም እንደማይኖርና አብረው የሚጓዙት ገጸ ባሕርያት ቁጥር እንደቀነሰ ታወቀ። ያን ጊዜ የተጻፈውን ደጋግሜ ሳነብብ ያስተዋልሁት፣ ብዙውን ሰው ያስቆጣው የነገሩ መቅረት ብቻ ሳይሆን ዘግይቶ መሰማቱ እንደነበር ነው። የቅሬ ዳኛ ድንኳኑ መቀደዱን ለቅሶ ቤት ከደረሱ በኋላ ቢናገር የሚሰማው ዓይነት ቁጣ ነው። ኩባንያው ቀድሞ መናገር እንደነበረበት አምኗል፤ ከቀሩት ባልደረቦች አንዱንም በዚያው ዓመት በነፃ ማሻሻያ ጨምሯል። ስለዚህ ይህን መሳይ ቅሬታ ሲያገኙ ሁለት ነገር ይለዩ፦ የቀረው ነገር እርስዎን ይነካል ወይ፣ ኩባንያውስ ከዚያ በኋላ ምን አደረገ። ጣሊያንኛው ለደሴ ተጫዋች ምንም አይደለም፤ የባልደረባው መቅረት ግን ታሪኩን ለሚወድ ሰው ጉዳይ ነው።

ከሁሉ የሚከብደው «ክፍል አንድ ይሻል ነበር» የሚለውን ዓረፍተ ነገር ማንበብ ነው። በዚህ ላይ ቸኩሎ ፍርድ መስጠት አይገባም፤ ምክንያቱም ሁለት ተቃራኒ አስተያየቶች ስለ አንድ ነገር ሊሆኑ ይችላሉ። በዲቪኒቲ ክፍል አንድ ጠላትን መጣል ወይም ማፍዘዝ በዕድል ላይ የተንጠለጠለ ነበር፤ በክፍል ሁለት ግን እያንዳንዱ ተዋጊ አንድ የአካል፣ አንድ የአስማት ጥሩር ተሰጠው፤ የአካሉ ጥሩር ሳይፈርስ ጠላትን መሬት ላይ መጣል፣ የአስማቱ ሳይፈርስም ማቀዝቀዝ አይቻልም። በመሆኑም ሁለት ጎራዴኛና ሁለት አስማተኛ ይዞ የሚዋጋ ሰው፣ ኃይሉን ለሁለት ከፍሎ ሁለት አጥር እንዲያፈርስ ይገደዳል፤ አራቱንም በአንድ ዓይነት ጉዳት ያሰለፈ ግን በአንዱ አጥር በኩል ያልፋል። አንዱ ተጫዋች ይህን ነፃነት መቀማት አድርጎ አየው፤ ሌላው ደግሞ ከዕድል መገላገል ነው አለ። ሁለቱም ትክክል ናቸው። እኛ አራታችን እንኳ በዚህ ጉዳይ ሦስት ሳምንት ተከራክረናል፤ አሁንም ቢሆን የተስማማን አይመስለኝም። ጠቃሚው ዘዴ «ወደድሁት» ወይም «ጠላሁት» የሚለውን ትቶ ከሥሩ ያለውን ምክንያት መፈለግና ራስዎ እንዴት እንደሚጫወቱ ማሰብ ነው። ምክንያት ያልጻፈ ሰው አስተያየቱን ቢተዉት አይጎዱም።

ስቲም በተባለው የኮምፒውተር ጌም መሸጫ ድረ ገጽ ላይ ስንት በመቶው ሰው ጌሙን እንደወደደው የሚያሳየውን ድምር ሲያዩ ደግሞ አንድ ነገር ይወቁ። ከ2016 ወዲህ ጌሙን በቀጥታ ከስቲም ሳይገዙ በቁልፍ ቁጥር የከፈቱ ሰዎች አስተያየት በድምሩ አይቆጠርም፤ አዋጪዎች ጌሙን የሚያገኙት ብዙ ጊዜ በቁልፍ ስለሆነ፣ ቀድሞ ገንዘብ ያወጣውና ብዙ የሚያውቀው ሰው ድምፅ ከቁጥሩ ውጭ ይሆናል ማለት ነው። ጽሑፉ ግን አልጠፋም፤ በግዢው ዓይነት ማጣሪያ መርጠው ሊያነቡት ይችላሉ። ከእያንዳንዱ አስተያየት ጎን ጸሐፊው የተጫወተበት ሰዓት አለ። ለእኔ ከ20 ሰዓት በታች የተጫወተ ሰው ስለ ታሪኩ አጨራረስ ሲጽፍ አልሰማውም።

የማሻሻያዎችንም ቀን ያመሳክሩ። በ2017 መስከረም ስለ ዲቪኒቲ 2 መጨረሻ ምዕራፎች የተጻፈው ነቀፋ በወቅቱ ተገቢ ነበር፤ በነሐሴ 2018 ግን ኩባንያው እነዚያን ክፍሎች አድሶ ጌሙን በኮምፒውተር ለገዙ ሁሉ በነፃ ሰጠ። ፒላርስ 2 ተራ በተራ መዋጊያ የለውም የሚል ካገኙም ከ2019 በፊት የተጻፈ መሆኑን ይመልከቱ፤ ከዚያ ወዲህ አለው።

በመጨረሻ የራስዎን ጻፉ፤ ከወሎ የሚጻፍ አስተያየት ለወሎ ሰው የሚጠቅመው ሌላው ዓለም የማያነሣውን ሲያነሣ ነው። ዲቪኒቲ 2 በዲስክ ላይ 60 ጊጋባይት ቦታ ይፈልጋል፤ እኛ አንዱ ኮምቦልቻ ላይ በሌሊት ካወረደው በኋላ በሃርድ ዲስክ ነው ወደ ደሴ የመጣልን። ጌሙን በምን አወረዳችሁ፣ መብራት ሲጠፋ የተቀመጠው ጨዋታ ተበላሸ ወይስ ተረፈ፣ የቆየ ላፕቶፕ ላይ ይሄዳል ወይ የሚሉትን ይጻፉ። የጻፉበትን ወርና ዓመት፣ አዋጪ ይሁኑ ገዢም በግልጽ ያመልክቱ፤ ከመለጠፍዎ በፊትም አብሮዎት ለተጫወተ ሰው ያስነብቡ። እኔ የመጀመሪያውን ዓረፍተ ነገር «ጌሙ በጣም ይንቀረፈፋል» ብዬ ጀምሬ ነበር፤ የኮምቦልቻው ጓደኛዬ አንብቦ፣ «የሚንቀረፈፈው ጌሙ ሳይሆን ያንተ ላፕቶፕ ነው፤ እኔ ጋ እንደ ውሃ ነው የሚሄደው» አለኝ። ዓረፍተ ነገሩን አወጣሁና በቦታው ላፕቶፔ 4 ጊጋባይት ራም ብቻ እንዳለው ጻፍሁ።