ስለ መንግሥት ወጪና ብድር ስንነጋገር ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

በምሥራቅ ጎጃም በአንድ ወረዳ ገንዘብ ጽሕፈት ቤት በሂሳብ ሠራተኛነት ለዓመታት ስላገለገልሁ፣ ሰዎች ስለ ሀገር ዕዳ ሲከራከሩ ሰምቶ ዝም ማለት ይከብደኛል። ክርክሩ አብዛኛውን ጊዜ ከቅን ልብ የሚነሣ ነው፤ ነገር ግን መነሻው የተሳሳተ ስለሚሆን መጠየቅ የሚገባው አካል ሳይጠየቅ ይቀራል።

ብዙዎቻችን የመንግሥትን ዕዳ ከአባወራ ዕዳ ጋር እናመሳስለዋለን። ለማዳበሪያ የተበደረ የእነማይ ገበሬ ጤፉን ወቅቶና ሸጦ ዕዳውን ሲከፍል እፎይ ይላል። መንግሥት ግን የአንዱ ብድር መክፈያ ሲደርስ ሌላ ተበድሮ እየተካ የሚኖር ስለሆነ፣ ዕዳ መኖሩ ብቻውን ጥፋት አይደለም። ሊያሳስበን የሚገባው የወለዱ ክፍያ ከግብር ገቢው ይልቅ ፈጥኖ ሲያድግ ነው።

ከዚህ የከፋው ስህተት «ዕዳው ስንት ነው?» ብሎ በዚያው መቆም ነው፤ በየትኛው ሀገር ገንዘብ፣ በምን ያህል ወለድና እስከ መቼ የሚከፈል እንደሆነ ካልተጠየቀ ጠቅላላ ድምሩ ብዙ አይነግረንም። ኢትዮጵያ በ2007 ዓ.ም. ለዓለም ገበያ ያቀረበችው የ1 ቢሊዮን ዶላር ቦንድ (የብድር ሰነድ) በ10 ዓመት የሚመለስና 6.625 በመቶ ወለድ የሚከፈልበት ነበር። በታኅሣሥ 2016 ዓ.ም. ሳይከፈል የቀረው የዚሁ ቦንድ 33 ሚሊዮን ዶላር ወለድ ነው። መንግሥት አበዳሪዎችን ሁሉ በእኩል ለማስተናገድ መሆኑን ቢገልጽም፣ የውጭ ምንዛሪ እጥረቱ ለማንም የተሰወረ አልነበረም። ከኢኮኖሚዋ ስፋት አንጻር የኢትዮጵያ ዕዳ፣ ቀድመው መክፈል ካቃታቸው ከዛምቢያና ከጋና ያነሰ ነበር፤ ያጠራት ዶላር ነው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። አንድም ዶላር ተጨማሪ ሳንበደር የውጭው ዕዳ በብር ሲሰላ እጥፍ ሊሆን ተቃረበ፤ በዶላር የሚገዛው ማዳበሪያም ያንኑ ጫና ይዞ ወደ ገበሬው መጣ።

የገንዘብ ሚኒስቴርን ዕዳ ብቻ ቆጥሮ የልማት ድርጅቶችን መተውም ያሳስታል። ከጎጃም አጠገብ የጣና በለስ ስኳር ፋብሪካዎች የተጀመሩት በብድር ነው፤ ሥራው ዓመታት ሲዘገይ ወለዱ ግን አልዘገየም። የስኳሩ፣ የባቡሩና የሌሎችም ድርጅቶች ዕዳ በኋላ የዕዳና ሀብት አስተዳደር ኮርፖሬሽን ወደሚባል የመንግሥት ተቋም ተዛወረ። መንግሥትም በ2017 በጀት ዓመት ለድርጅቶቹ ላበደረው ለኢትዮጵያ ንግድ ባንክ 900 ቢሊዮን ብር የሚጠጋ ቦንድ ለማውጣት ተገደደ። የድርጅት ይባል የነበረው ዕዳ ዞሮ የግብር ከፋዩ ሆነ ማለት ነው።

የሕዳሴ ግድብ ያለ ብድር ተሠራ የሚለውም እርማት ያስፈልገዋል። እኔም እንደ ባልደረቦቼ የአንድ ወር ደመወዜን በየወሩ ጥቂት ጥቂት እያስቆረጥሁ ቦንድ ገዝቻለሁ፤ ዛሬም እኮራበታለሁ። ሆኖም ቦንድ ብድር ነው፤ የግድቡ ወጪ አብዛኛው የተሸፈነውም ከንግድ ባንክ በተገኘ ብድር ነው።

አሁን በዓይኔ ወዳየሁት ልምጣ። የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ያበቃል፤ ያልተሠራበት ገንዘብ ተመላሽ ስለሚሆን «በጀቱ እንዳይቃጠል» የሚለው ቃል ከሰኔ አጋማሽ ጀምሮ ከአፍ አይወርድም። አንድ ዓመት ሰኔ 28 ቀን፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበ፣ የጽሕፈት መሣሪያ የጫነ መኪና ደጃችን ቆመ። ዕቃው ገና ከመኪናው ሳይወርድ ሞዴል 19፣ ማለትም የዕቃ ገቢ ደረሰኝ፣ እንዲቆረጥ ታዘዘ፤ እኔም የክፍያውን ሰነድ አዘጋጀሁ። ካርቶኖቹ በዓመቱም አልተከፈቱም። ጨረታው ዘግይቶ በመውጣቱ ያልተጀመረው የጤና ኬላ ጥገና ግን ለቀጣዩ ዓመት ተላለፈ። በጀትን ሙሉ በሙሉ መጠቀምን የመልካም አፈጻጸም ምልክት አድርገን በሪፖርት የምናቀርብ ሁሉ የተሳሳትነው እዚህ ላይ ነው።

«ጎጃም ግብር አይወድም» የሚለው አባባልም ታሪክን ያሳጥራል። በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር ሲታወጅ ገበሬው ያመፀው ርስቱ ይለካብኛል፣ ከዚያም ይወሰድብኛል ብሎ ስለሰጋም ጭምር ነበር። መንግሥት ጦር ቢያዘምትም በመጨረሻ ውዝፉን ግብር ሰርዟል። ለምን እንደሚከፍል ያልተነገረው ሰው ለዛሬው ዕዳም ፈቃደኛ ከፋይ አይሆንም።

በመጨረሻ፣ የጸደቀን በጀት እንደ ወጣ ገንዘብ መቁጠር ይቅር። ለ2017 በጀት ዓመት የፌዴራል መንግሥት 971.2 ቢሊዮን ብር አጸደቀ፤ በዚያው ዓመት 582 ቢሊዮን ብር ገደማ ተጨማሪ በጀት አስፈለገ። በየወረዳው የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ በጀት ሲለጠፍም የጸደቀው ብቻ ሳይሆን በተግባር የወጣው ተጽፎ እንደሆነ ተመልከቱ። ካልተጻፈ ገብታችሁ ጠይቁ፤ የሂሳብ ክፍሉ በየወሩ ሪፖርት ስለሚሠራ ቁጥሩ በእጁ አለ።