ካሜራ ከመግዛታችሁ በፊት፦ ለደስታው ፎቶ ለሚያነሳ ሰው

ካሜራ ልገዛ ነው የሚለኝ ሰው ሁሉ የሚያስከትለው ጥያቄ አንድ ነው፦ «ካኖን ይሻላል ኒኮን?» መልሴም አንድ ነው፦ ጓደኛህ የያዘው። ቀልድ አይደለም። ጓደኛችሁ ካኖን ካለው ካኖን ግዙ። ሌንስ ትዋዋሳላችሁ፤ ሜኑው ሲጠፋባችሁ የሚያሳያችሁ ሰው አለ። በፎቶ ጥራት በኩል ሁለቱን የሚለየው ነገር ለእኔና ለእናንተ የሚታይ አይደለም።

ይህን የምጽፈው ለደስታው ለሚያነሳ ሰው ነው። ሰርግ አንስቶ የሚከፈለው ባለሙያ ሌላ ሂሳብ አለው።

1. ስልካችሁን ክፈቱ

የመጨረሻዎቹን 200 ፎቶዎች እዩ። ምን ይበዛል? ቤት ውስጥ የሚሯሯጡ ልጆች? ወፍ? ጥምቀት ላይ ያለ ሕዝብ? ወደፊት የምታነሱትም ያንኑ ነው። ካሜራ ስለገዛ ብቻ በሌሊት ተነስቶ ተራራ የሚወጣ ሰው አላየሁም።

2. ሌንሱን መጀመሪያ ምረጡ

ብዙ ሰው ብሩን ቦዲ (ሌንስ ያልተገጠመበት ካሜራ) ላይ ይጨርስና አብሮ በመጣው 18-55 ሚሊ ሜትር ሌንስ ይቀራል፤ ቁጥሩ ሲጨምር ሌንሱ አቅርቦ ያሳያል። ሌንሱ መጥፎ አይደለም፤ ከቤት ውጭ በቀን ብርሃን ሸጋ ነው። ማታ ሳሎን ውስጥ ግን ያስለቅሳል። ወደ 55 ስታቀርቡት ክፍተቱ (ብርሃን የሚገባበት ቀዳዳ) ኤፍ 5.6 ላይ ይቆማል፤ የኤፍ ቁጥር ሲያንስ ነው ቀዳዳው የሚሰፋው። ኤፍ 1.8 የሚከፈት ሌንስ 10 እጥፍ ገደማ ብርሃን ያስገባል። በአንድ አምፖል ብርሃን 1/15 ሰከንድ የሚፈልገው ፎቶ በ1/150 ይነሳል ማለት ነው። በመጀመሪያው የሚሮጥ ልጅ ጭስ ይሆናል። በሁለተኛው ፊቱ ይለያል።

ስለዚህ ቤተሰብና ሰው ለሚያነሳ 35 ወይም 50 ሚሊ ሜትር ኤፍ 1.8 ግዙ። በተለመዱት አነስ ያለ ሴንሰር (ብርሃኑን ተቀብሎ ፎቶ የሚያደርገው ክፍል) ባላቸው ካሜራዎች ላይ 50 እንደ 75 ወይም 80 አቅርቦ ነው የሚያሳየው። ጠባብ ሳሎን ውስጥ ጀርባችሁ ግድግዳ ነክቶም ሰዉ ፎቶው ውስጥ አይገባላችሁም። ለቤት 35 ይሻላል።

ወፍ የሚወድ እስከ 250 ወይም 300 የሚደርስ ይፈልግ። ጭላዳ ለማንሳት ወደ ስሜን ተራሮች ለመሄድ ያሰበ ግን በዚህ አይጨነቅ፤ ሣር እየነጩ ጥቂት ሜትር ላይ ያስጠጓችኋል።

3. ቦዲ

ያገለገለ ዲኤስኤልአር (ውስጡ መስታወት ያለው ካሜራ) ግዙ። በ2013 የወጣው ካኖን 700ዲ 18 ሜጋፒክስል ነው፤ በ2014 የወጣው ኒኮን ዲ3300 24 ነው። ሁለቱም ግድግዳ ላይ ለሚሰቀል ፎቶ ይተርፋሉ። ሚረርለስ (መስታወት የሌለው) ቀላልና ደስ የሚል ነገር ነው፤ ነገር ግን ባትሪ ይበላል፣ በተመሳሳይ ብር የምታገኙት ሌንስም ያንሳል። ብር ከተረፋችሁ አልከለክልም።

ዘመድ ከውጭ ይላክልኝ የምትሉ ደግሞ አንድ ነገር አስጠንቅቁት፦ ለጃፓን ገበያ ብቻ የተሠራ ሶኒ እንዳይገዛ። ሜኑው ጃፓንኛ ብቻ ነው፤ አይቀየርም።

4. ሳትከፍሉ ፈትኑ

እዚህ ላይ ነው የተቃጠልኩት።

ዲ3300 ነበረኝ። የእህቴ ልጅ ክርስትና ሊደርስ ሦስት ቀን ሲቀረው ያገለገለ 50 ሚሊ ሜትር ኤፍ 1.8 አገኘሁ። ከሻጩ ጋር ፒያሳ አንድ ካፌ ተገናኘን። ሌንሱን በራሱ ካሜራ ላይ ገጥሞ ሰጠኝ፤ ኒኮን ዲ7000 ነበር። ማኪያቶዬን አነሳሁ፣ አስተናጋጇን አነሳሁ። ጥርት! ብሩን ቆጥሬ ሰጠሁት።

ቤት ገብቼ በራሴ ካሜራ ላይ ስገጥመው በራሱ ፎከስ አያደርግም። ሰውየው አላታለለኝም፤ ሌንሱም አልተበላሸም። የድሮዎቹ ኒኮን ኤኤፍ-ዲ ሌንሶች የራሳቸው ሞተር የላቸውም። ጀርባቸው ላይ እንደ ብሎን ጭንቅላት የተሰነጠቀች ብረት አለች፤ እሷን የሚያሽከረክረው ቦዲው ውስጥ ያለ ሞተር ነው። ዲ7000 ሞተሩ አለው። የዲ3000 (የእኔው ዲ3300 ያለበት) እና የዲ5000 ቤተሰቦች የላቸውም። ለእነዚህ ሌንሱ ላይ «ኤኤፍ-ኤስ» የሚል ፈልጉ።

ክርስትናው ሊነጋጋ ሲል ነበር። የሌንሱን የፎከስ ቀለበት በእጄ እያዞርኩ ወደ 300 ፎቶ አነሳሁ። ፎከስ የያዙት 20 አይሞሉም። አንዱ ላይ የቄሱ መስቀል ጌጡ አንድ በአንድ ይቆጠራል፤ የልጁ ፊት ግን የለም። እህቴ እስካሁን ታነሳብኛለች።

ስለዚህ ሌንስ ስትገዙ የራሳችሁን ካሜራ ይዛችሁ ሂዱ። በሻጩ ካሜራ ላይ የሠራ ሌንስ ለሻጩ ነው የሠራው።

ከዚያ ሌንሱን አውልቁና የስልካችሁን መብራት ከኋላ በኩል አብሩበት። የኒኮን ሌንስ ሲወልቅ ክፍተቱ ይዘጋል፤ ጀርባው ላይ ያለችውን ትንሽ ብረት በጣት ገፋ ስታደርጓት ይከፈታል። በፊት በኩል አጋድላችሁ እዩ። ጥቂት የአቧራ ቅንጣት ምንም አይደለም። እንደ ሸረሪት ድር የተዘረጋ ክር ካያችሁ ሻጋታ ነው። ክረምቱን ሙሉ በተዘጋ ቦርሳ ውስጥ ከርሞ ይሆናል። «ይጸዳል» ይሏችኋል። እንግዲያው አጽድተው ይሽጡት።

ቦዲው ላይ ደግሞ ክፍተቱን ኤፍ 22 አድርጋችሁ ነጭ ግድግዳ አንሱ፤ ፎቶውን አጉሉት። ጥቁር ነጠብጣብ አቧራ ነው፤ ይጸዳል፣ ዋጋ ለማስቀነስም ይጠቅማል። እንደ ጭረት ያለ መስመር ከሆነ ተሰናበቱ። ግድግዳውን በ1/4000 ሰከንድ ድገሙት፤ ከፎቶው አንዱ ጎን ከጠቆረ ሻተሩ (ፎቶ ሲነሳ ተከፍቶ የሚዘጋው መጋረጃ) ደክሟል። የብሎኖቹን ጭንቅላት እዩ፤ ከተቧጨሩ ከፍቶት የነበረ ሰው አለ። ባትሪውን አውጥታችሁ ጠረጴዛ ላይ አስተኙት፤ ካነከሰ አብጧል።

ስንት ፎቶ እንዳነሳ የሚናገር ቁጥርም አለ፤ እንደ መኪና ኪሎ ሜትር። ኒኮን ቁጥሩን በየፎቶው ፋይል ውስጥ ስለሚጽፈው አንድ ፎቶ አንስታችሁ ማየት ይቻላል። ካኖን ፎቶው ላይ አይጽፈውም። የዚህ ደረጃ ካሜራዎች ሻተር እስከ 100,000 ድረስ ይሠራል ተብሎ ነው የሚገመተው፤ 20,000 የሆነ ካሜራ ገና ልጅ ነው።

ሻጩ በዚህ ሁሉ መሀል «ቸኩያለሁ» ካለ ይሂድ። ሌላ ካሜራ አይጠፋም።

5. የቀረው ኮተት

ሚሞሪ፦ ከአንድ 128 ጊጋ ሁለት 32 ይሻላል፤ አንዱ ቢበላሽ ግማሹ ይተርፋል። ፌክ ስለሚበዛ ዋናው ቀን ሳይደርስ ጢም አድርጋችሁ ሞልታችሁ እዩት። ቦርሳ ውስጥ የጫማ ካርቶን ውስጥ የሚገኙትን የእርጥበት መምጠጫ ፓኬቶች ጣሉበት። ፍላሽ ለጊዜው ተዉት።

ትራይፖድ ርካሹን ፕላስቲክ ከምትገዙ ባትገዙ ይሻላል። ነፋስ ሲነካው ይጨፍራል፤ ሁለት ሰብሬያለሁ። አንድ ኪሎ ምስር በጨርቅ ከረጢት ሰፍታችሁ አጥር ወይም ድንጋይ ላይ አስቀምጡና ካሜራውን አስደግፉበት። ንቅንቅ አይልም። የእኔን እናቴ በሁዳዴ ፈትታ ወጥ ሠራችበት። አሁን ሽምብራ ነው ያለበት፤ እሱንም በዓይኗ እየገመተችው ነው።