ዋናው ቦይ ላይ በር ብቻ አትትከሉ፤ ሌሎችም የመስኖ ስህተቶች

አነስተኛ መስኖ ላይ መሥራት ከጀመርኩ ወዲህ አንድ ስህተት በየሳይቱ ይጠብቀኛል። ዋናው ቦይ ላይ የላሜራ በር ይተከላል። ወደ ቅርንጫፍ የሚወስደው መውጫ ደግሞ ዊር ይሆናል፤ ማለትም ውሃ በአናቱ የሚያልፍበት አጭር ግንብ። እባካችሁ ይሄን ተዉት። ነገሩ ተገልብጧል።

በአናት ላይ የሚያልፍ ውሃ የሚያድገው በከፍታው 1.5 ርቢ ነው። ከበር ስር የሚወጣው ግን በከፍታው ስኩዌር ሩት ነው። በቁጥር እንየው። ዊሩ አናት ላይ 20 ሴንቲ ሜትር የነበረው ውሃ 30 ቢደርስ ፍሰቱ በ84 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ከበሩ ቀዳዳ በላይ 1 ሜትር የቆመ ውሃ በዚያው 10 ሴንቲ ሜትር ከፍ ቢል ግን ጭማሪው 5 በመቶ ብቻ ነው። ስለዚህ ዋናው ቦይ ላይ አናቱ ረጅም የሆነ ዊር ሥሩ፤ ቦዩ ከጠበበ ሰያፍ አድርጉት። ትርፍ ውሃ ሲመጣ በአናቱ ያልፋል፣ ከፍታው ብዙም አይነቃነቅም። በሩን ቅርንጫፉ ላይ አድርጉት። ድርሻው ሳይዋዥቅ ይሄዳል።

ጎጃም ውስጥ አንድ ሳይት ላይ ተገልብጦ ተሠርቶ ነበር። ቀን ቀን ሁሉም ሰላም ነው። አንድ ማታ ከላይ ያሉት ገበሬዎች ማጠጣት ጨርሰው መውጫቸውን ዘጉ፣ ዋናው በር እንደ ቀኑ ተትቶ ስለነበር ውሃው ከኋላው ተጠራቀመ፣ መጀመሪያ ቅርንጫፉን አጥለቀለቀ፣ ከዚያ የቦዩን ጠርዝ ጥሶ የአንዲት እናት የሽንኩርት ማሳ ውስጥ ገባ። ጠዋት ውሃውን ለገበሬዎቹ የሚያከፋፍሉት የውሃ አባት አንድ ቃል ሳይናገሩ ወስደው ማሳውን አሳዩን። ያ ዝምታቸው እስከዛሬ ከልቤ አልወጣም።

ጎርፍ ሲመጣ የደለል ማስወገጃውን በር ዘግቶ መቀመጥም አለ። ክፈቱት፤ ወደ ቦዩ የሚያስገባውን ነው የምትዘጉት።

ከመውረጃው በታች ያለውን መርሳት ሌላው ነው። ከከፍታ የወረደ ውሃ ጉልበቱን የሆነ ቦታ ማራገፍ አለበት። ተገላብጦ አረፋ የሚሠራው ከመውረጃው ስር በተሠራው ገንዳ ውስጥ ከሆነ መልካም ነው። ከገንዳው አልፎ ከሆነ አፈሩን ይቆፍራል፣ ጉድጓዱም ወደ ኋላ እየተሳበ የግንቡ መሠረት ስር ይገባል። ድንጋይ ወይም ጋቢዮን (በሽቦ መረብ የታሰረ ድንጋይ) ሳታነጥፉ ሥራው አለቀ አትበሉ።

የመጨረሻው የራሴ ጥፋት ነው። የላይኞቹን ገበሬዎች ውሃ የምንለካበት ዊር ነበር፤ የውሃ ከፍታ መለኪያውን ሜትር ዊሩ ላይ አስጠግቼ ተከልኩ። ውሃ ወደ አናቱ ሲቀርብ ዝቅ ይላል፤ ሜትሩ ከእውነተኛው ያነሰ ያሳያል። መለኪያው በአናቱ ላይ ከሚያልፈው ውሃ ከፍታ ቢያንስ አራት እጥፍ ርቆ ውሃው በሚመጣበት በኩል መሆን ነበረበት፣ ዜሮውም ከቦዩ ወለል ሳይሆን ከዊሩ አናት እኩል። በዚህ ምክንያት አንድ ሙሉ በጋ ላይኞቹ ከመዘገብነው በላይ ውሃ ወሰዱ። ታችኞቹ «አልደረሰንም» እያሉ ሲመጡ ደብተሬን ገልጬ እኩል ነው የተካፈላችሁት እላቸው ነበር። እውነቱ እነሱ ጋ ነበር። ሜትሩን ነቅለን ከዊሩ 1.5 ሜትር ውሃው ወደሚመጣበት በኩል መልሰን ተከልነው፤ እኔም ቤታቸው ድረስ ሄጄ ይቅርታ ጠየቅኳቸው።