ገመድ መለያው ኦም ሜትር ሲዋሽ

ከግድግዳ የወጡ አሥር ሽቦዎች አሉ፤ ሁሉም ግራጫ። የትኛው የት እንደሚሄድ ለመለየት በወዲያኛው ጫፍ ለእያንዳንዱ የተለያየ ሬዚስተር (የኤሌክትሪክ ፍሰትን የሚገታ ቁራጭ፤ ዋጋው በኦም ይለካል) እናስርለታለን። የሬዚስተሮቹ ሌላኛው እግር በአንድ የጋራ ሽቦ ይገናኛል። በወዲህኛው ጫፍ አርዱይኖ ኡኖ የሚባል በኮድ የሚሠራ ትንሽ ሰሌዳ አለ። ከ5 ቮልት ወደ ኤ0 (ሰሌዳው ቮልቴጅ የሚለካበት መግቢያ) አንድ የ1 ኪሎ ኦም ሬዚስተር እንገጥማለን፤ የሚለካው ሽቦ ኤ0 ላይ፣ የጋራው ግራውንድ (0 ቮልት) ላይ ይገባል። ሰሌዳው ቮልቴጁን ከ0 እስከ 1023 ባለ ቁጥር ይነግረናል፤ ንባብ የምንለው እሱን ነው። ስሌቱ ቀላል ነው፦ ንባቡን ከ1023 ቀንሱ፣ በቀሪው ንባቡን አካፍሉ፣ በ1000 አባዙ። የሚወጣው የሬዚስተሩ ኦም ነው፤ የሽቦው ስምም እሱ ነው።

ከሁሉ በፊት ሽቦዎቹ ኮረንቲ እንደሌለባቸው በቮልት ሜትር አረጋግጡ። ይህ ቀልድ የለውም።

ችግር ሲመጣ ገመዱን ንቀሉና ዋጋውን የምታውቁትን ሬዚስተር በቀጥታ መለኪያው ላይ ግጠሙ። ልክ ካነበበ ጥፋቱ ገመዱ ጋ ነው። እኔ ይህን ዘልዬ ኮድ ሳገላብጥ አምሽቻለሁ፤ ለካ ሽቦውን የሚይዘው ክሊፕ ላልቶ ኖሯል።

0 ወይም ከዜሮ በታች ያሳያል

ኮዱ ነው። በሙሉ ቁጥር መጀመሪያ ካካፈላችሁ ከ1 ኪሎ ኦም በታች ያለው ሁሉ 0 ይሆናል። መጀመሪያ ካባዛችሁ ደግሞ ውጤቱ ኡኖ በተለመደው ሙሉ ቁጥር (int) ከሚይዘው ትልቁ፣ ከ32767 ያልፍና ይገለበጣል። በ1000 ፈንታ 1000.0 ጻፉና መጀመሪያ በእሱ አባዙ፣ ከዚያ አካፍሉ።

1023 ላይ ተገትሯል

መስመሩ ክፍት ነው። አንዱ ብቻ ከሆነ ያ ሽቦ ተበጥሷል፤ ሁሉም ከሆኑ የጋራውን ተጠራጠሩ። ኮዱም 1023 ሲያገኝ ሳያካፍል «ክፍት» ይበል፤ አለዚያ በዜሮ ማካፈል ይመጣል።

ቁጥሩ ይዘላል

ክሊፑን ስትነኩት የሚብስ ከሆነ ዝገቱን ፋቁ። ካልሆነ ከጎን የሚያልፍ የመብራት መስመር እየረበሸው ነው። በኤ0 እና በግራውንድ መካከል 100 ናኖ ፋራድ ካፓሲተር (የቮልቴጅ መዋዠቅን የሚያለዝብ ቁራጭ) አድርጉ። መስመሩ 50 ኸርዝ ከሆነ በ20 ሚሊ ሰከንድ ውስጥ የተወሰዱ ንባቦችን አማካይ ውሰዱ።

ሁለት ሽቦዎች አንድ ስም ይዘው ይመጣሉ

አብዛኛው ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። ትልልቅ ሬዚስተር መምረጥ የሚያራርቅ ይመስላል፤ ግን 47 ኪሎ ኦም 1002 አካባቢ፣ 56 ኪሎ ኦም 1005 አካባቢ ይነበባሉ። ሦስት ንባብ ምን ያህል ልዩነት ነው? በ1 ኪሎ ኦም ዙሪያ ያሉትን ምረጡ፦ 220፣ 330፣ 470፣ 680 ኦም፣ 1፣ 1.5፣ 2.2፣ 3.3፣ 4.7 እና 6.8 ኪሎ ኦም። እነዚህ ቢያንስ በ40 ንባብ ይራራቃሉ፤ ዋጋቸው እስከ 5 በመቶ ሊዛነፍ የሚችሉትም ይበቃሉ። እንደ 10 ኦም ያሉ ትንንሾችን ግን ተዉ፤ ቀጭን የኔትወርክ ሽቦ 100 ሜትር ደርሶ መልስ ብቻውን ወደ 17 ኦም አለው።

ዋጋዎቹ ተራርቀውም ስሙ ከተደገመ ሽቦዎቹ ውስጥ ለውስጥ ተነካክተዋል። ባለ 1 እና ባለ 2.2 ኪሎ ኦሞቹ ሾርት ቢያደርጉ ሁለቱም 687 ኦም አካባቢ ያነባሉ። መለኪያው ታዲያ ሳያፍር «680 ነው» ይላችኋል። ምልክቱ፦ 680 ሦስት ጊዜ ይመጣል፣ 1 እና 2.2 ይጠፋሉ። ወዲያኛው ጫፍ ሄዳችሁ 2.2ቱን ፍቱት፤ ከሦስቱ ሁለቱ ወደ 1 ኪሎ ኦም ከተቀየሩ የተነካኩት እነሱ ናቸው።