አብቦ የሚያራግፍ የባልዲ ሎሚ፦ ችግርና መፍትሄ

ሎሚዬን ያመጣኋት ከሸዋ ሮቢት ነው። በላስቲክ ያለች፣ ክንድ የምታህል የተዳቀለች፣ ማለትም ሌላ ሥር ላይ የተቀጠለች ችግኝ። ሮቢት ከባህር ወለል በላይ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ እኔ የምኖርባት ደብረ ብርሃን ግን 2,800 ገደማ። ጣርማበር ስንደርስ ብርዱ ሲቀበለን ጉልበቴ ላይ አስቀምጬ በነጠላ ሸፈንኳት። መሬት ላይ ብተክላት የኅዳር ውርጭ እንደማይምራት ስለገባኝ ባልዲ ውስጥ አስገባኋት። ደጋ ላይ ሎሚ፣ ብርቱካን ወይም መንደሪን በባልዲ የምታሳድጉ ከሆነ የሚገጥማችሁ ከኔ ብዙ አይርቅም።

አበባው ይረግፋል

ጠዋት ስትወጡ የባልዲው ዙሪያ ነጭ በነጭ ሆኗል። አትደንግጡ። እነዚህ ዛፎች የሚያብቡት ሊሸከሙት ከሚችሉት በላይ ነው። ትልቅና ጤነኛ ዛፍ ላይ እንኳ ከመቶ አበባ ለፍሬ የሚበቃው ጥቂት ነው። ነጩ ወድቆ መሃሉ ላይ አረንጓዴ ነጥብ ከቀረ ነገሩ በደንብ እየሄደ ነው። ቤት ውስጥ ያበበም ቢሆን አብዛኛውን ጊዜ ሌላ ዛፍ አይፈልግም፤ ቅርንጫፉን ቀስ አድርጎ ነቅነቅ ማድረግ ይበቃል።

የሚያሳስበው እንቡጡ ሳይከፈት ሲረግፍ፣ ወይም ቅጠሉም አብሮ ሲወርድ ነው። ያኔ ጣታችሁን አፈሩ ውስጥ ስደዱ። ደረቅ ከሆነ ውሃው ከታች እስኪወጣ አጠጡ። ጭቃ ከሆነ ሥሩ ታፍኗል። የኔው ይሄ ነበር። ባልዲውን የበሳሁት በጋለ ምስማር አንድ ቦታ ብቻ ነበርና አፈር ደፈነው። ሐምሌ ላይ ባዘነብለው የረጋ ኩሬ ሽታ ሸተተኝ። አሁን ጣት የሚያስገቡ ስድስት ቀዳዳዎች አሉት፣ ሦስት ድንጋይ ላይ ተቀምጧል፣ ክረምት ሲገባ ደግሞ ከጣሪያው ስር እናስገባዋለን።

ፍሬው ሽምብራ አክሎ ይወድቃል

ጥቂት በጥቂት ከሆነ ዛፉ ራሱ እያሳሳ ነው፤ ተዉት። በአንድ ሳምንት ሁሉም ከወረደ ግን አፈሩ ደርቆ ነበር ወይም ብርድ ገብቶበታል። ባልዲውን ዛሬ ደጅ ነገ ሳሎን ማመላለስም ያስወድቃል። ፍሬ የያዘ ጊዜ አንድ ቦታ ይርጋ።

ዛፉ ትንሽ፣ ፍሬው ብዙ

እውነተኛው ችግር ይሄ ነው፤ ሰው ግን እንደ በረከት ስለሚያየው አይነካውም። የተዳቀለ ችግኝ ቶሎ ያብባል፤ ከላይ የተቀጠለው ቅርንጫፍ የተወሰደው ካፈራ ዛፍ ስለሆነ ራሱን የደረሰ አድርጎ ያስባል። ሥሩ ግን ገና ልጅ ነው። ቅጠሉ የሚሠራው ምግብ ወደ ፍሬው ስለሚሄድ ሥርና ቅርንጫፍ ሳያድጉ ይቀራሉ።

የመጀመሪያው ዓመት አሥራ አንድ ፍሬ ተውኩ። እርሳስ የምታህል ቅርንጫፍ ተለምጣ የባልዲውን ከንፈር ነካች። በዚያ ዓመት አዲስ ቅጠል አላየሁም። ፍሬዎቹም ብይ አክለው አንድ በአንድ ወደቁ።

በተከታዩ ዓመት መቀስ ይዤ ወጣሁ። ጎረቤቴ እትዬ በአጥር በኩል አይተውኝ፣ «ምን ሆነሃል ልጄ? ፍሬ ይጣላል? ግፍ አይሆንም?» አሉኝ። ላስረዳቸው ብሞክርም ራሳቸውን እየነቀነቁ ገቡ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። አበባውን አትንኩ፤ መዓዛው ይቅርባችሁ የሚል የለም። ዛፉ በራሱ የሚጥለውን ይጣል። ከዚያ የቀረው ሽምብራ ወይም ባቄላ ሲያክል በመቀስ ከአንገቱ ቁረጡ። በእጅ አትጎትቱ፤ ልጡን ይልጣል። በተተከለ በመጀመሪያው ዓመት ሁሉንም አንሱ። በሁለተኛው ዓመት ዛፉ ከጠነከረ ወፍራም ቅርንጫፍ ላይ ያሉ ሁለት ሦስት ተዉ። ከዚያ በኋላ ቅርንጫፉ ሳይጎብጥ የሚሸከመውን ያህል።

ቅጠሉ ለምለም፣ አበባ የለም

ከዘር የበቀለ ከሆነ ዓመታት ይፈጃል፤ መታገስ ነው። የተዳቀለ ከሆነ ሁለት ነገር እዩ። ዩሪያ አብዝታችሁ እንደሆነ ቅጠል ብቻ ያወጣል፤ አቁሙና በደንብ በበሰበሰ ፍግ ተኩት። ከተቀጠለበት ጠባሳ በታች የወጣ እሾሃም፣ ቀጥ ብሎ የሚምዘገዘግ ቅርንጫፍ ካለ ደግሞ ያ የናንተ ሎሚ አይደለም። ከሥሩ አስወግዱት፤ ካልሆነ ጉልበቱን ሁሉ ይወስዳል። ባልዲው ግማሽ ቀን ፀሐይ ካላገኘም አበባ አትጠብቁ።

ጫፉ ጠቁሮ ተኮማተረ

ውርጭ ነው። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ፣ ሰማዩ ጥርት ባለ ሌሊት ይመጣል። ለጋ ቅጠል፣ አበባና ትንሽ ፍሬ ቀድመው ይመታሉ። ማታ ባልዲውን ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ሲመታው ወደዋለ የድንጋይ ግድግዳ አስጠጉ። ቅጠሉን ሳይነካ በጆንያ ወይም በአሮጌ ብርድ ልብስ አልብሱ፤ የብርድ ልብስ አገር ስለሆንን እሱ አይጠፋም። ጠዋት ፀሐይ ስትወጣ ግለጡ። የጠቆረውን ጫፍ ወዲያው አትቁረጡ። የቱ እንደሞተ የሚታወቀው ብርዱ አልፎ አዲስ ቅጠል ሲወጣ ነው።

አዲሱ ቅጠል ቢጫ፣ ጅማቱ አረንጓዴ

ዛፉ ብረት ማዕድን አጥቷል። አፈር ውስጥ ላይጠፋ ይችላል፤ የቀዘቀዘና የራሰ ሥር ግን አይስበውም። እኛ ጋ «ያፋፋዋል» ተብሎ የምድጃ አመድ ይደፋበታል። ለዚህ ዛፍ ግን አመድ ችግሩን ያባብሰዋል። አመዱን አቁሙ፣ ውሃ ቀንሱ፣ ባልዲውን ፀሐይ አስመቱ። ቢጫ የሆነው አሮጌው ቅጠል ከሆነ ግን ረሃብ ነው፤ ፍግ ጨምሩ።

ጉንዳን ይመላለሳል፣ ቅጠሉ ያጣብቃል

ጉንዳኑ የመጣው ክሽክሽ የሚባለው ቅጠል የሚመጥ ትንሽ ተባይ የሚያወጣውን ጣፋጭ ፈሳሽ ሊልስ ነው። የቅጠሉን ጀርባ ለብ ባለ የሳሙና ውሃ በጨርቅ ጥረጉ፤ በየሳምንቱ ድገሙት።

ፍሬው ይሰነጠቃል

ለሳምንታት ተጠምቶ በአንድ ጊዜ ብዙ ውሃ ሲያገኝ ነው። ጥቂት በጥቂት፣ ሳታቋርጡ አጠጡ።

ባለፈው ዓመት የተውኳቸው ሁለት ነበሩ። በብርዱ ምክንያት ከጠበቅኩት በላይ ቆዩ፤ ቢጫ ሲሆኑ በመቀስ ቆረጥኳቸው። አንዱን ለእትዬ ወሰድኩላቸው። ሻይ ላይ ጨምቀው ቀመሱና፣ «ዘንድሮም ትቆርጣለህ?» አሉኝ።