እህል ከመሸጣችሁ በፊት በሊትር መዝኑት

ሁለት ጆንያ ስንዴ እኩል ሞልተው ጎን ለጎን ቢቆሙም ክብደታቸው አንድ ላይሆን ይችላል። አንዱን ስታነሱት ወገብ ይፈትሻል፣ ሌላው ቀለል ይላል። ብዙ ጊዜ ልዩነቱ የፍሬው ሙላት ነው። ይህን በቁጥር የሚነግረን ሄክቶሊትር ክብደት ይባላል፦ 100 ሊትር እህል ስንት ኪሎ ይመዝናል? ገዢ የሚጠይቀው በከንቱ አይደለም፤ ሙሉ ፍሬ ያለው ስንዴ ሲፈጭ ብዙ ዱቄት፣ ትንሽ ፉርሽካ ይወጣዋል። እኔ ግን ገዢው እስኪነግረኝ አልጠብቅም። ቤት ውስጥ ባለ ዕቃ ራሴ እለካለሁ።

የሚያስፈልገው አንድ ጠንካራ ጣሳ፣ ግራም የሚያነብ ሚዛን፣ ማስመሪያ እና ውሃ ነው። ጣሳው ቀጥ ያለ ግድግዳ ይኑረው፤ አንድ ሊትር ወይም ከዚያ በላይ ይያዝ። ሲጫኑት የሚለጠጥ ላስቲክ አይሆንም። ጠባብ ዕቃም አልወድም፤ ግድግዳው አጠገብ ፍሬው በደንብ ስለማይገጣጠም ቁጥሩን ዝቅ ያደርገዋል።

መጀመሪያ የጣሳውን ልክ በውሃ እወቁ። ባዶውን ሚዛን ላይ አስቀምጡና ወደ ዜሮ መልሱት፤ ከዚያ እስከ አፉ ውሃ ሙሉት። ውሃ ሞልቶም ከአፉ በላይ ጉብ ማለት ስለሚወድ ጠፍጣፋ መስታወት አንሸራቱበትና ትርፉን አፍስሱ። አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ገደማ ስለሚመዝን፣ ሚዛኑ 1,250 ግራም ካለ ጣሳው 1,250 ሚሊ ሊትር ይይዛል ማለት ነው። ይህን ቁጥር ጣሳው ላይ በማይለቅ ቀለም ጻፉት። ሁለተኛ መለካት አያስፈልግም። ከዚያ በደንብ አድርቁት።

ቀጥሎ ናሙና። ከአንድ ጆንያ አፍ ብቻ ዘግኖ መለካት ራስን ማታለል ነው። እህል ሲፈስ ደቃቁ መሃል ላይ ይቀራል፤ ገለባው ወደ ዳር ይንሸራተታል። ስለዚህ ከላይ፣ ከመሃልና ከታች፣ ከተለያዩ ጆንያዎች እወስዳለሁ። ሸራ ላይ አደባልቄ አራት ቦታ እከፍልና ትይዩ ያሉትን ሁለቱን ብቻ አስቀራለሁ። አሁንም ከበዛ እንደገና እከፍላለሁ። ከዚያ በወንፊት ነፍቼ አበጥራለሁ። ገለባ ቁጥሩን ያወርዳል፤ አሸዋና ጠጠር ደግሞ በውሸት ይሰቅሉታል።

አሁን ዋናው ሥራ መጣ፤ አሞላሉ። አብዛኛው ስህተት የሚገባው እዚህ ነው። እኔ አፈ ሰፊ የውሃ ጠርሙስ ታችኛውን ቆርጬ እገለብጥና አንገቱን ከጣሳው አፍ አምስት ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ አድርጌ አስረዋለሁ። አንገቱን በመዳፌ ደፍኜ እህሉን እሞላለሁ፤ ከዚያ ባንዴ እለቀዋለሁ። እህሉ ራሱ ይፍሰስ። ጣሳውን አትነቅንቁ፣ አትምቱ፣ በእጅ አትጠቅጥቁ። ጠረጴዛው ከተገፋ ገልብጣችሁ እንደገና ጀምሩ። ሞልቶ ሲፈስ ማስመሪያውን በጠርዙ አቁሙና ግራ ቀኝ እያላችሁ ትርፉን ጥረጉ። ያኔ ብቻ መዝኑ። ከፍታው ከአምስት ሴንቲ ሜትር ትንሽ ቢለይ ጣጣ የለውም፤ ዛሬ በዚህ፣ ነገ በዚያ ከፍታ ማፍሰስ ግን ቁጥሮቻችሁን እንዳይወዳደሩ ያደርጋቸዋል።

ሒሳቡ ቀላል ነው። የእህሉን ግራም ለውሃው ግራም አካፍሉና በ100 አባዙ። ጣሳው 1,250 ግራም ውሃ ይዞ፣ ስንዴው 970 ግራም ከመዘነ 77.6 ይመጣል፤ ይህ በሄክቶሊትር ያለው ኪሎ ነው። ሦስት ጊዜ ለክታችሁ አማካዩን ውሰዱ። በሦስቱ ውጤቶች መካከል በሄክቶሊትር ከግማሽ ኪሎ በላይ ልዩነት ካለ እህሉን ሳይሆን እጃችሁን ጠርጥሩ።

ቁጥሩን ከምን ጋር እናወዳድረው? በአሜሪካ የተለመደው መለኪያ ለስንዴ በቡሼል (35 ሊትር ገደማ የሚይዝ የእህል መስፈሪያ) 60 ፓውንድ ነው፤ ወደ 77 ኪሎ በሄክቶሊትር ይሆናል። በቆሎ ወደ 72፣ ገብስ ወደ 62፣ አጃ 41 ገደማ ነው። አጃን ከስንዴ ጋር አስተያይታችሁ እንዳትደነግጡ፤ ቅርፊቱ ነው የሚያቀለው። ፍሬው ትልቅ ስለሆነ ብቻ ቁጥሩ ይሰቀላል ማለትም አይደለም። ደቃቅ ሆኖ ጥጥር ያለ፣ ሙሉ ፍሬ አንዳንዴ ትልቁን ይበልጠዋል።

እርጥበትን አትርሱ። እርጥብ ፍሬ ያብጣል፤ ቁጥሩ ይወርዳል። እርጥብ በቆሎ በጥንቃቄ ሲደርቅ አብዛኛውን ጊዜ ከፍ ይላል። ከደረሰ በኋላ ማሳ ላይ ዝናብ የመታው ስንዴ ግን ቢደርቅም ወደ ድሮው ሙሉ በሙሉ አይመለስም። ስለዚህ እርጥበት መለኪያ ካገኛችሁ ሁለቱን ቁጥር አብራችሁ መዝግቡ። በደረቅ፣ በንጹህ እህል ላይ ቁጥሩ ዝቅ ካለ፣ ፍሬ በሚሞላበት ጊዜ ምን እንደነበረ አስቡ፦ ውሃ አጥሮት፣ ዋግ መቶት፣ ውርጭ አግኝቶት ወይም አገዳው ማሳ ላይ ወድቆ ሊሆን ይችላል።

አንድ ጥቅም ልጨምር። ቁጥሩን በ10 ስታባዙት አንድ ሜትር ኩብ ስንት ኪሎ እንደሚይዝ ታገኛላችሁ። 77.6 የሆነው ስንዴ በሜትር ኩብ 776 ኪሎ ነው። ሦስት ሜትር ኩብ የሚይዝ ጎተራ 2,328 ኪሎ፣ ማለትም ከ23 ኩንታል በላይ ይይዛል። ጎተራው ጥልቅ ከሆነ የታችኛው በላዩ ክብደት ስለሚጠቀጠቅ ትንሽ ከዚህ በላይ ሊገባ ይችላል።