አንድ ስላሽ የዋጠው አንቀጽ

ትናንት ማታ በአማርኛ ውክፔዲያ ስለ አክሱም ሐውልት በተጻፈ ገጽ ላይ ምንጭ ስጨምር አንድ ሙሉ አንቀጽ ጠፋብኝ። ሐውልቱ በ1997 ዓ.ም. ከሮም መመለሱን የሚናገረው ክፍል ነበር። በቦታው ቀይ የስህተት መልእክት ብቻ ቀረ። በጣም ደነገጥኩ፤ የሌላ ሰው ልፋት ነዋ!

ማስተካከያውን ስከፍት ጽሑፉ እዚያው አለ። አልተሰረዘም፣ አይታይም እንጂ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንድን ምንጭ ደጋግሞ ለመጥቀስ መጀመሪያ ሲገባ ስም ይሰጠዋል። ከዚያ በኋላ ስሙን ብቻ የያዘ አጭር የ«ሬፍ» ምልክት (ምንጭ መጥቀሻው ኮድ፣ ref) ይበቃል። ይህ አጭሩ ምልክት ግን ከመጨረሻው ቅንፍ (>) በፊት ስላሽ (/) ይፈልጋል። እኔ ረስቼዋለሁ። ሲስተሙ ምልክቱ እንደተከፈተ ቆጠረውና እስከሚቀጥለው መዝጊያ ድረስ ያለውን ሁሉ ዋጠው። ስላሿን ሳስገባ አንቀጹ ተመለሰ። እፎይ አልኩ።

ግርጌ ላይ ሌላ ቀይ መልእክት ነበር፦ ስሙ ተጠርቷል፣ ምንጩ ግን የለም። አንዱ ጋ «አክሱም»፣ ሌላው ጋ «አክሱም1» ብዬ ጽፌ ኖሯል። ስሞቹን አንድ ሳደርጋቸው እሱም ጠፋ። አሁን ቅድመ እይታውን ሳላይ አላስቀምጥም።